የሐኪሙ የሰብእና ዓይነትና የሥነ ልቡና ሕክምና ውጤት፤ ለእጩ መምህራን አመራረጥ የሚኖረው ትርጉም

«መምህርነት ተሰጥዖ ነው» የሚለው አነጋገር በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ግቢ ዘወትር የሚሰማ ነው። አንድ እጩ በቃለ መጠይቅ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከተናገረ «ይህስ ለመምህርነት የሚሆን ጠባይ የለውም» ይባልና ነጥብ ይቀነስበታል። ሌላው ፈገግታው የበዛና አንደበቱ የተባ ከሆነ በዚያው ልክ ይጨመርለታል። ለተማሪዎች የምክር አገልግሎት የሚሰጡ ሰዎች በሚመደቡበት ጊዜም ተመሳሳይ አስተያየት ይሰነዘራል። በዚህ ዓይነቱ ፍርድ ሥር ያለው እምነት ሰዎች በሰብእናቸው በጥቂት ዓይነቶች ሊመደቡ ይችላሉ፣ ለአንድ ሙያ የሚስማማው ዓይነትም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተለይቶ ሊታወቅ ይችላል የሚል ነው። እምነቱ ትክክል ከሆነ ምርጫው በመጠይቅ ሊፈጸም ይችላል። ስሕተት ከሆነ ግን በየዓመቱ ደኅና መምህር ሊሆኑ የሚችሉ ወጣቶች ያለ በቂ ምክንያት ከበር ይመለሳሉ ማለት ነው።

ይህ እምነት አጥብቆ ከተመረመረባቸው ሙያዎች አንዱ የሥነ ልቡና ሕክምና፣ ማለትም ሳይኮቴራፒ የሚባለው የንግግር ሕክምና ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የወባ ክኒን የምትሰጥ ነርስ ጠባይዋ ለስላሳም ሆነ ቁጡ፣ ክኒኑ ያው ክኒን ነው። በንግግር ሕክምና ግን መድኃኒቱ ከሐኪሙ ተለይቶ በብልቃጥ የሚቀመጥ አይደለም፤ የሐኪሙ አነጋገር፣ አደማመጥና ዝምታ ራሳቸው የመድኃኒቱ ክፍሎች ናቸው። በዚህ ረገድ ሳይኮቴራፒ ከሌሎች የሕክምና ዘርፎች ይልቅ ለማስተማር ሥራ ይቀርባል። ስለሆነም በዘርፉ ሰባ ዓመት ያህል የተካሄደው ምርመራ፣ የተሳካውም ሆነ ያልተሳካው፣ ለትምህርት ባለሙያዎች ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የባልቲሞሩ ጥናት

በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ውስጥ፣ ፊፕስ ክሊኒክ የሚባል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነበር። የክፍሉ ኃላፊ የነበሩት ፕሮፌሰር ጆን ኋይትሆርንና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ባርባራ ቤትዝ በ1954 ባወጡት ጥናት፣ በክሊኒኩ በልዩ ሥልጠና ላይ የነበሩ 35 ሐኪሞች ስኪዞፍሬንያ በተባለው ከባድ የአእምሮ በሽታ የተያዙ ሰዎችን በማከም ያገኙትን ውጤት ከታማሚዎች መዝገብ አውጥተው አነጻጸሩ። ከፍተኛ ውጤት ያገኙትን 7 ሐኪሞች «ሀ»፣ ዝቅተኛ ውጤት ያገኙትን 7 ሐኪሞች ደግሞ «ለ» ብለው ሰየሟቸው። በ«ሀ» ሐኪሞች ከታከሙት መካከል 75 ከመቶ የሚሆኑት ሲሻላቸው፣ በ«ለ» ሐኪሞች ከታከሙት ግን የተሻላቸው 27 ከመቶ ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኙ። ሁለቱ ወገኖች በሌሎች፣ ቀለል ባሉ ሕመሞች የተያዙትን በማከም ረገድ ይህን የመሰለ ልዩነት አላሳዩም።

ተመራማሪዎቹ ልዩነቱን በቁጥር ብቻ አልተዉትም። የሕክምናውን መዝገብ በዝርዝር ሲመረምሩ፣ የ«ሀ» ሐኪሞች የታማሚው ንግግርና አድራጎት ለራሱ ለታማሚው ምን ትርጉም እንዳለው ለመረዳት ይጥሩ እንደነበር ተገነዘቡ። የሕክምናውም ግብ የታማሚውን የኑሮ ችግር በሚመለከት የተወሰነ ነበር፤ ሐኪሙም በውይይቱ በንቃት እየተካፈለ፣ ሐሳቡን እየገለጠ፣ ሲያስፈልግም አልስማማም እያለ ይሠራ ነበር። የ«ለ» ሐኪሞች ግን የበሽታውን ምልክቶች በማስወገድ ላይ ያተኩራሉ፤ ወይ ታማሚውን ዝም ብለው ይሰሙታል፣ አለዚያም ያስተምሩታል፣ ይተረጉሙለታል። የ«ሀ» ሐኪሞች የታማሚዎቻቸውን አመኔታ በብዛት አግኝተው ነበር።

እስከዚህ ድረስ የተገለጸው ሐኪሞቹ ያደረጉትን የሚመለከት ነው። ቀጥሎ ግን ጥናቱ ሌላ አቅጣጫ ያዘ። ሁለቱ ተመራማሪዎች ኤድዋርድ ስትሮንግ ያዘጋጀውንና በዚያን ዘመን በአሜሪካ ለሙያ ምክር በሰፊው ያገለግል የነበረውን የሙያ ዝንባሌ መጠይቅ ለሐኪሞቹ ሰጡ። በ1960 ባወጡት ውጤት፣ የ«ሀ» ሐኪሞች ዝንባሌ ከጠበቆችና ከሂሳብ አዋቂዎች ዝንባሌ ጋር፣ የ«ለ» ሐኪሞች ዝንባሌ ግን ከማተሚያ ቤት ሠራተኞችና ከሂሳብና ፊዚካል ሳይንስ መምህራን ዝንባሌ ጋር እንደሚመሳሰል ገለጹ። (የሂሳብና የፊዚክስ መምህራን ይህን ሲያነብቡ ቅር ሊላቸው አይገባም፤ ነገሩ ወደ ኋላ እንደሚታየው ብዙ አልቆየም።) ከመጠይቁ ውስጥ ሁለቱን ወገኖች የለዩት 23 ጥያቄዎች ተነጥለው ወጡና ራሳቸውን የቻሉ መለኪያ ሆኑ። ከጥያቄዎቹ መካከል ብዙዎቹ መላሹ እንደ አናጢነትና ምሕንድስና ያሉትን የእጅና የመሣሪያ ሥራዎች መውደድ አለመውደዱን የሚጠይቁ ናቸው።

በዚህ ሁኔታ በክፍል ውስጥ የታየ አድራጎት በወረቀት ላይ ወደሚሞላ «ዓይነት» ተለወጠ። አንድ ወጣት ሐኪም ለአናጢነት ሥራ ያለውን ፍቅር በመጠየቅ ብቻ ታማሚውን ይፈውስ እንደሆነና እንዳልሆነ መተንበይ የሚቻል መሰለ። ተስፋው ታላቅ ስለነበረ በ1960ዎቹ ዓመታት በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች «ሀ» እና «ለ» የተባሉትን ዓይነቶች የሚመለከቱ ጥናቶች ተከታትለው ወጡ።

ሆኖም ከመጀመሪያው ጀምሮ ለጥርጣሬ የሚዳርግ አንድ ነገር ነበር። በዚሁ በፊፕስ ክሊኒክ የንግግር ሕክምናው በዚያን ጊዜ ከተለመደው የኢንሱሊን ሕክምና ጋር ተጣምሮ በተሰጠበት ጊዜ፣ በ«ሀ» እና በ«ለ» ሐኪሞች ውጤት መካከል የነበረው ሰፊ ልዩነት ጠፍቶ መገኘቱን ራሳቸው ኋይትሆርንና ቤትዝ በ1957 ገልጸዋል። አንድ ሐኪም በተፈጥሮው «ለ» ከሆነ፣ የሥራው ሁኔታ ሲለወጥ ውጤቱም አብሮ የሚለወጥበት ምክንያት ሊብራራ ይገባው ነበር።

ዘውድ ወይስ ጎፈር

ጥናቱን በሚገባ ለመመዘን አንድ ቀላል ሙከራ በክፍል ውስጥ ማድረግ ይቻላል። አንድ መምህር ለ35 ተማሪዎች ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሳንቲም ይስጥና 10 ጊዜ ወደ ላይ እንዲወረውሩ፣ «ዘውድ» የወጣበትንም ጊዜ እንዲቆጥሩ ያድርግ። ዘውድም ሆነ ጎፈር የመውጣት ዕድሉ እኩል ስለሆነ፣ በጠቅላላው ክፍል የሚገኘው አማካይ ወደ 5 ይጠጋል። ነገር ግን መምህሩ ብዙ ዘውድ ያገኙትን 7 ተማሪዎች በአንድ በኩል፣ ጥቂት ያገኙትን 7 ተማሪዎች በሌላ በኩል ቢያቆም፣ የመጀመሪያዎቹ አማካይ ወደ 7፣ የኋለኞቹ አማካይ ደግሞ ወደ 3 ይሆናል። ይህም ማለት 70 ከመቶ ከ30 ከመቶ ጋር መወዳደሩ ነው። ከመካከላቸው አንድም ተማሪ ሳንቲም የመወርወር ችሎታ የለውም፤ መምህሩ ራሱ ከጫፍና ከጫፍ መርጦ ስላቆማቸው ብቻ ልዩነቱ ታየ።

መምህሩ በዚህ ሳይወሰን ለ14ቱ ተማሪዎች ብዙ መቶ ጥያቄ ያለው መጠይቅ ቢሰጣቸው፣ በአጋጣሚ ብቻ ሁለቱ ወገኖች በተለያየ መንገድ የመለሷቸው ጥቂት ጥያቄዎች አይታጡም። ምናልባት ብዙ ዘውድ ያገኙት ድንች ወዳድ፣ ጥቂት ያገኙት ጎመን ወዳድ ሆነው ይገኙ ይሆናል። እነዚያን ጥያቄዎች ለቅሞ «የሳንቲም ወርዋሪነት መለኪያ» ብሎ መሰየም አስቸጋሪ አይደለም።

ይህ ምሳሌ የባልቲሞሩ ውጤት ከንቱ አጋጣሚ ነበር ብሎ ለመፍረድ አይበቃም። ኋይትሆርንና ቤትዝ መለኪያቸውን በሌሎች ሐኪሞችም ላይ ሞክረው ደግፎ እንዳገኙት ጽፈዋል፤ መዝገቡን ያነበቡበት ጥንቃቄም የሚመሰገን ነው። ምሳሌው የሚያሳየው የልዩነቱ ስፋት ብቻውን ማስረጃ አለመሆኑን ነው። በመካከል የነበሩት 21 ሐኪሞች ከንጽጽሩ ሲወጡ፣ እያንዳንዱም ሐኪም ያከማቸው ታማሚዎች ጥቂት ሲሆኑ፣ ከ75 እና ከ27 የማይርቅ ልዩነት በዕድል ብቻ ሊገኝ ይችላል። በትምህርት ቤቶች «ምርጥ» እና «ደካማ» መምህራንን ከሁለቱ ጫፎች ወስደው የሚያነጻጽሩ ሪፖርቶችም በዚሁ ዓይን ሊታዩ ይገባል።

የመለኪያው ውድቀት

የአንድ ግኝት እውነተኛ ፈተና ሌሎች ሰዎች በሌላ ቦታ ደግመው ማግኘታቸው ነው። በ1962 ማክኔር፣ ካላሃንና ሎር የተባሉ ተመራማሪዎች የቀድሞ ወታደሮች በሚታከሙባቸው ክሊኒኮች፣ ቀለል ባለ የጭንቀት ሕመም የተያዙ ተመላላሽ ታማሚዎችን ሲያጠኑ የተገላቢጦሹን አገኙ፤ የበለጠ የተሻላቸው በ«ለ» ሐኪሞች የታከሙት ሆኑ። የ«ሀ» እና የ«ለ» ደጋፊዎች ይህን እንደ ሽንፈት አልቆጠሩትም። «ሀ» ለስኪዞፍሬንያ፣ «ለ» ለጭንቀት የተፈጠረ ነው የሚል አዲስ መላ ምት አቀረቡ። አንድ መላ ምት ተቃራኒ ውጤት በተገኘ ቁጥር ራሱን እያሰፋ የሚሄድ ከሆነ ግን መቼ ስሕተት ሊሆን እንደሚችል ማወቅ ያስቸግራል።

አዲሱን መላ ምት ለመደገፍ የቀረቡት ጥናቶች ብዙዎቹ እውነተኛ ሐኪምና እውነተኛ ታማሚ የተገናኙባቸው አልነበሩም፤ የኮሌጅ ተማሪዎች እንደ ሐኪም ሆነው እንዲመልሱ የተደረገባቸው የማስመሰል ሙከራዎች ነበሩ። በ1965 ስቲቨንስና አስትሩፕ የፊፕስ ክሊኒክ ታማሚዎች ከቆዩ በኋላ የደረሱበትን ሁኔታ ሲከታተሉ፣ ወሳኝ ሆኖ የተገኘው የበሽታው ጠባይ፣ ማለትም ቀስ በቀስ ሥር የሰደደ ወይም በድንገት የመጣ መሆኑ እንጂ የሐኪሙ ዓይነት አልነበረም። በ1971 ራዚን ያቀረበው ሰፊ ግምገማ የመለኪያውን ድክመቶች ዘረዘረ። በ1978 ቱማና ባልደረቦቹ በስኪዞፍሬንያ ሕክምና ላይ ባወጡት ጥናትም መለኪያው ውጤትን ሊተነብይ አልቻለም። ከዚያ በኋላ የ«ሀ» እና የ«ለ» ነገር ቀስ በቀስ ከመጽሔቶች ገጽ ጠፋ።

ዓይነት ወይስ መጠን

የዚህ መለኪያ ውድቀት ሰዎችን በዓይነት የመመደቡን ልማድ አላስቀረውም። ካርል ዩንግ በ1921 ባሳተመው የሥነ ልቡና ዓይነቶች ትምህርት ላይ ተመሥርተው ኢዛቤል ማየርስና እናታቸው ካትሪን ብሪግስ ያዘጋጁት፣ ሰዎችን በ16 ዓይነቶች የሚመድበው መጠይቅ እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ አገሮች በሥራ መሪዎች ሥልጠናና በሙያ ምክር ላይ ይሠራበታል። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ1991 ባወጣው ሪፖርት፣ ይህን መጠይቅ በሙያ ምክር ላይ ለመጠቀም የሚያበቃ በሚገባ የተዘጋጀ ምርምር የለም ሲል ገልጿል።

የችግሩ ሥር የሚገኘው ራሱ «ዓይነት» በሚለው ሐሳብ ላይ ነው። የአንድ ክፍል ተማሪዎች በቁመት ተራ ቢሰለፉ አብዛኞቹ በመካከል ይገኛሉ። መምህሩ መካከለኛው ቦታ ላይ መስመር አስምሮ ከመስመሩ በላይ ያሉትን «ረዣዥሞች»፣ በታች ያሉትን «አጫጭሮች» ቢላቸው፣ በአንድ ሳንቲ ሜትር የሚበላለጡ ሁለት ጓደኛሞች የተለያየ ስም ያገኛሉ፤ በሠላሳ ሳንቲ ሜትር የሚበላለጡት ግን አንድ ስም ይዘው ይቀራሉ። ሰብእናም እንዲሁ ነው። በመስመሩ አጠገብ የቆመ ሰው መጠይቁን ዛሬ ሞልቶ ከወር በኋላ ደግሞ ቢሞላው፣ ሰውየው ሳይለወጥ «ዓይነቱ» ሊለወጥ ይችላል።

በዚህ ምክንያት የዛሬ ተመራማሪዎች ከዓይነት ይልቅ በመጠን መለካትን ይመርጣሉ። አምስት መሠረታውያን የሰብእና ገጽታዎች ይቆጠራሉ፤ እነርሱም ለአዲስ ነገር ዝግጁነት፣ ጥንቃቄና ትጋት፣ ተጫዋችነት፣ ለሌላው አሳቢነትና ተስማሚነት፣ እንዲሁም በቀላሉ የመረበሽ ጠባይ ናቸው። ይህ የተሻለ መለኪያ ግን የተጠበቀውን ያህል ፍሬ አልሰጠም። በ2020 ዴልጋዲዮና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር የሕዝብ ጤና አገልግሎት 69 ሐኪሞች ያከሟቸውን 4,052 ታማሚዎች ሲያጠኑ፣ «ጥሩ ሐኪም እንዲህ ያለ ሰብእና አለው» የሚያሰኝ ግልጽ ሥዕል አላገኙም። እንዲያውም ዝቅ ባለ ደረጃ ሠልጥነው በተወሰነ መመሪያ ከሚሠሩት መካከል ተስማሚነታቸው ከአማካይ በላይ የሆነው ሠራተኞች ታማሚዎች ውጤት ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ለሁሉ እሺ ባይነት በቃለ መጠይቅ ላይ ያስወድዳል፤ ታማሚው ከባዱን የቤት ሥራ እንዲሠራ በሚጠየቅበት ሰዓት ግን ይጠቅም እንደሆነ አጠራጣሪ ነው። መምህራንም ይህን ልዩነት ከልምድ የሚያውቁት ይመስላል።

በሐኪሞች መካከል የታየው እውነተኛ ልዩነት

ከዚህ የተነሣ ሁሉም ሐኪም እኩል ነው የሚል መደምደሚያ ላይ መድረስ ስሕተት ነው። ባልድዊንና ኢሜል በ2013 የብዙ ጥናቶችን ውጤት አጠቃልለው ሲያቀርቡ፣ በታማሚዎች መሻልና አለመሻል መካከል ካለው ልዩነት 5 ከመቶ ያህሉ ታማሚው በማን እጅ እንደታከመ የሚወሰን መሆኑን አሳይተዋል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ አብዛኛው ልዩነት የሚመጣው ከታማሚው የኑሮ ሁኔታና ከበሽታው ክብደት ስለሆነ ነው። ነገር ግን አንድ ሐኪም በዕድሜው የሚያያቸው ታማሚዎች ብዙዎች ናቸው፤ አንድ መምህርም በሠላሳ ዓመት አገልግሎት የሚያስተምራቸው ልጆች በሺህ ይቆጠራሉ። ለእቅድ አውጪ ይህ 5 ከመቶ ታላቅ ነገር ነው።

የልዩነቱን ምንነት ከሚያሳዩ ጥናቶች መካከል በ1974 ዴቪድ ሪክስ ያወጣው በተለይ ለመምህራን ቅርብ ነው። በቦስተን ከተማ በሚገኝ የሕፃናት ምክር ማዕከል ሁለት ሐኪሞች በልጅነታቸው ያከሟቸው 28 ብላቴናዎች አድገው ከምን እንደደረሱ ተመረመረ። በአንደኛው ከታከሙት መካከል በኋላ በስኪዞፍሬንያ የተያዙት 27 ከመቶ ሲሆኑ፣ በሁለተኛው ከታከሙት ግን 84 ከመቶ ሆኑ። መዝገባቸው ሲነበብ የሥራቸው ልዩነት ታየ። የመጀመሪያው ሐኪም ብዙ ጊዜውን የሚያውለው በጣም በተቸገሩት ልጆች ላይ ነበር፤ ከክሊኒኩ ውጭ የሚገኝ እርዳታ ያፈላልግላቸዋል፣ ወላጆችን ሳያመነታ በግልጽ ያነጋግራል፣ ልጆቹም ራሳቸውን እንዲችሉ ይደግፋል። ሁለተኛው ሐኪም ግን ቀለል ካሉት ልጆች ጋር ጥሩ ሲሠራ፣ አስቸጋሪዎቹ ሲገጥሙት ተስፋ እየቆረጠ ይርቃቸው ነበር። ሁለት ሰዎችን ብቻ የሚመለከት ጥናት ስለሆነ፣ ስለ ሳንቲሙ የተነገረው ጥንቃቄ ለዚህም ይሠራል። ቢሆንም ከኋላ ወንበር የሚቀመጠውን ተማሪ የሚከታተል መምህርና በፊት ወንበር ካሉት ጋር ብቻ የሚነጋገር መምህር ያለበትን ትምህርት ቤት ለሚያውቅ ሰው ሥዕሉ እንግዳ አይደለም።

በሰፊ ናሙና የተሠሩት ጥናቶችም ወደዚሁ ያመለክታሉ። በሐኪሙና በታማሚው መካከል የሚፈጠረው የመተማመንና ለአንድ ዓላማ አብሮ የመሥራት ትስስር ከውጤቱ ጋር ዝምድና እንዳለው ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ይታወቃል። ያልታወቀው ትስስሩ ከማን እንደሚመነጭ ነበር። ባልድዊን፣ ዋምፖልድና ኢሜል በ2007 የ80 ሐኪሞችንና የ331 ታማሚዎችን መረጃ ሲለያዩ፣ ከብዙ ታማሚዎቻቸው ጋር ጠንካራ ትስስር የሚፈጥሩ ሐኪሞች የተሻለ ውጤት ሲያገኙ፣ በአንድ ሐኪም ሥር ባሉ ታማሚዎች መካከል ያለው የትስስር ልዩነት ግን ውጤቱን የሚወስን ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ «ታማሚው አልተባበረም» የሚለው ምክንያት ብዙ ርቀት አያስኬድም፤ «ተማሪው አይቀበልም» የሚለውም እንዲሁ ሊመረመር ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ የምርጫን ጉዳይ የሚነካው በ2009 አንደርሰንና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት ነው። 25 ሐኪሞች አስቸጋሪ ታማሚዎችን የሚያሳዩ አጫጭር ፊልሞች እንዲመለከቱ ተደረገ፤ አንዱ ታማሚ ይቆጣል፣ አንዱ ዝም ይላል፣ አንዱ ሐኪሙን ይወቅሳል። ፊልሙ በቆመ ቁጥር ሐኪሙ ለዚያ ታማሚ የሚለውን እዚያው እንዲናገር ተጠይቆ ድምፁ ይቀረጻል። ዳኞች የአነጋገሩን ጥራት፣ ሙቀቱን፣ የማሳመን ኃይሉን፣ የሌላውን ስሜት የመረዳት ችሎታውንና ተስፋ ሰጪነቱን እየመዘኑ ነጥብ ሰጡ። ይህ ነጥብ እነዚሁ ሐኪሞች ካከሟቸው 1,141 ሰዎች ውጤት ጋር ዝምድና እንዳለው ታወቀ። ሐኪሞቹ ስለ ራሳቸው የማኅበራዊ ኑሮ ችሎታ በመጠይቅ ላይ የሞሉት ግን ውጤቱን አልተነበየም። በ2016 በወጣ ተከታይ ጥናት፣ ተመሳሳይ ፈተና ሥልጠና በመጀመር ላይ ላሉ ሰዎች ተሰጥቶ በኋላ ያገኙትን የሕክምና ውጤት ሊያመለክት ችሏል።

ራስን በመጠይቅ መግለጽ ለምን እንደማያስተማምን በ2012 ዋልፊሽና ባልደረቦቹ ያሳዩት አስቂኝ ውጤት አለ። 129 ባለሙያዎች ራሳቸውን ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋር እንዲያወዳድሩ ሲጠየቁ፣ ሩብ ያህሉ ከመቶው ከላይኞቹ አሥር ውስጥ ነን አሉ፤ ከአማካይ በታች ነኝ ያለ አንድ ስንኳ አልተገኘም። በአንጻሩ በኖርዌይ ኒሰን ሊና ባልደረቦቿ በተከታታይ እንዳሳዩት፣ በሥራቸው ላይ መጠነኛ ጥርጣሬ ያላቸውና «ለዚህ ታማሚ የሚገባውን አድርጌያለሁ ወይ?» ብለው የሚጠይቁ ሐኪሞች፣ በተለይም በግል ሕይወታቸው ራሳቸውን የማይጠሉ ከሆነ፣ የተሻለ ውጤት ያገኛሉ። እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ በቃለ መጠይቅ ላይ በድፍረት የሚናገረው ላይሆን ይችላል።

የሥራው ዓይነትም መዘንጋት የለበትም። 326 ታማሚዎችን የያዘው የሄልሲንኪ ጥናት አካል በሆነውና በ2012 ሄይኖኔንና ባልደረቦቹ ባወጡት ሪፖርት፣ ንቁና ተጫዋች የሆኑ ሐኪሞች በአጭር ጊዜ ሕክምና ፈጣን ለውጥ ሲያመጡ፣ ለዓመታት በሚዘልቀው ሕክምና ግን ቆጠብ ያሉትና ጣልቃ የማይገቡት ሐኪሞች የተሻለ ውጤት አግኝተዋል። የአገልግሎት ዘመንም ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ በ2016 ጎልድበርግና ባልደረቦቹ 170 ሐኪሞችንና 6,591 ታማሚዎችን ተከታትለው፣ የሐኪሞቹ ውጤት ከልምድ ጋር በአማካይ ጥቂት ዝቅ እንጂ ከፍ እንዳላለ ገልጸዋል።

ወደ መምህራን አመራረጥ ስንመለስ

የትምህርት ተመራማሪዎችም በበኩላቸው ይህንኑ መንገድ ሄደውበታል። በአሜሪካ ዴቪድ ራያንስ 6,000 ያህል መምህራንን ያካተተውን ታላቅ ጥናት በ1960 አሳተመ። በ1963 ጌትዘልስና ጃክሰን የግማሽ ምእት ዓመት ምርምር ገምግመው፣ ስለ መምህሩ ሰብእናና ስለ ማስተማር ውጤታማነቱ በእርግጠኝነት የታወቀው እጅግ ጥቂት ነው ሲሉ ጻፉ። ኪም፣ ዮርግና ክላሰን በ2019 የ25 ጥናቶችን ውጤት ሲያጠቃልሉ፣ አምስቱ የሰብእና ገጽታዎች ከመምህሩ ውጤታማነት ጋር ያላቸው ተዛምዶ በአማካይ 0.10 ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ማለት በመምህራን መካከል ከሚታየው ልዩነት በሰብእና መጠይቅ ሊብራራ የሚችለው አንድ ከመቶ ያህሉ ነው። ከእነዚህም ጥናቶች ብዙዎቹ የተመሠረቱት መምህሩን ያዩ ሰዎች በሰጡት አስተያየት ላይ እንጂ ተማሪዎች በተማሩት ላይ አይደለም።

ስለዚህ እጩዎችን በሰብእና ዓይነት ለይቶ የመቀበልና ያለመቀበል አሠራር፣ መጠይቁ የውጭም ይሁን የአገር ውስጥ፣ እስካሁን በታወቀው ማስረጃ የሚደገፍ አይደለም። አንገቱን ደፍቶ የሚናገረው እጩ ለመምህርነት የማይሆን ሰብእና አለው ለማለት የሚያስችል አንዳችም መረጃ ኮሚቴው በእጁ የለም። በተለይ ልጅ በታላላቆች ፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኑን ሰብሮ እንዲናገር በሚያዝ ቤተሰብ ውስጥ ያደገ ወጣት በአምስት ታላላቆች ፊት ዝም ማለቱ፣ በአርባ ሕፃናት ፊት ምን እንደሚያደርግ የሚያመለክት ምልክት ሊሆን አይችልም። የገጠር ልጆችና ሴቶች እጩዎች በዚህ ዓይነቱ ፍርድ ይበልጥ የሚጎዱ መሆናቸውም ሊታሰብበት ይገባል።

ኮሚቴው ከሰብእና ይልቅ አድራጎትን ለማየት የሚችልበት መንገድ አለ፤ ብዙ ወጪም አይጠይቅም። ፊልም ባይገኝ፣ አንድ የተለማመደ መምህር እንደ ተማሪ ሆኖ አንዳንድ አስቸጋሪ ሁኔታዎችን ሊያቀርብ ይችላል፤ ለምሳሌ የተጠየቀውን የማይመልስ ተማሪ፣ ጓደኛውን የሚያሾፍበት፣ ወይም «ይህን መማር ለምን ይጠቅመኛል?» ብሎ የሚከራከር። እጩው «ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ ይልቁንም ልጁን ራሱን እንዲያነጋግር ይደረጋል። ሁለት ዳኞች ሳይመካከሩ በየግላቸው ነጥብ ይሰጣሉ። ነጥባቸው እጅግ የሚራራቅ ከሆነ መመዘኛው ገና አልበሰለም ማለት ነው።

ቀሪው ሥራ የመዝገብ ነው። ዳኞቹ የሰጡት ነጥብ እጩው ተመርቆ ሦስትና አራት ዓመት ካስተማረ በኋላ ተማሪዎቹ ካገኙት ትምህርት ጋር መነጻጸር ይኖርበታል፤ ንጽጽሩም ከላይኞቹና ከታችኞቹ ጫፎች ላይ ሳይወሰን በመካከል ያሉትንም ሁሉ መጨመር አለበት። ይህ እስካልተደረገ ድረስ አዲሱ ፈተናም ቢሆን ከቀድሞው ቃለ መጠይቅ የሚሻል መሆኑ አይታወቅም። የቃለ መጠይቅ ነጥቦች ምርጫው ባበቃ ማግሥት የሚጣሉበት ተቋም ካለ፣ ንጽጽሩን ለመጀመር በቅድሚያ የሚያስፈልገው እነዚያን ወረቀቶች በእጩው የግል ማኅደር ውስጥ ማኖር ነው።